ሲቪ ላይ የሚጻፍ ችሎታ፦ የቱን እንምረጥ? እንዴትስ እናቅርበው?

ከርዕሰ መምህሩ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ እስከ ዛሬ ስለ ፈተና አጠናንና ስለ ሰዓት አከባበር ስጽፍ ኖሬአለሁ። ዘንድሮ ርዕሴን የመረጠልኝ ጠረጴዛዬ ላይ የከረመ አንድ ክላሴር ነው። ተመራቂ ተማሪዎቻችን ለእረፍት ጊዜ ሥራና ለልምምድ የሚያመለክቱበትን ሲቪ እንዳይላቸው ሰጥተውኝ ነበርና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያነበብኩትን የደገምኩ መሰለኝና ስሙን አየሁ። ስሙ ሌላ ነው። የቀረው ግን ቃል በቃል አንድ ነው፤ “ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጥሩ የተግባቦት ክህሎት ያለው፣ ጫና ተቋቁሞ የሚሠራ፣ ማይክሮሶፍት ኦፊስ የሚያውቅ።” አንደኛው ላይ እንዲያውም የትውልድ ቦታው ናኩሩ ተብሎ ተጽፏል። ልጁ ጎንደር ተወልዶ በአራት ዓመቱ ናይሮቢ የገባ ነው፤ ናኩሩን በማታቱ መስኮት እንኳ አላያትም። ሳይበር ቤት ያለው ወጣት ለሁሉም ያንኑ ናሙና እያወጣ፣ ስምና ስልክ ብቻ እየለወጠ እንደሚያትምላቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

ልጆቹን አልተቆጣሁም። የምቆጣበት አፍ አልነበረኝም።

እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ፣ በትምህርት ዲግሪዬን ይዤ እንደወጣሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሳመለክት የጓደኛዬን ሲቪ ገልብጬ ነበር። ጓደኛዬ ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገብቶ ስለ ተማረ “ዎርድፐርፌክትና ሎተስ” የሚል መስመር ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ማሠልጠኛዎቹ የሚያስተምሩት እነዚህን ነበር። እኔ ኮምፒውተር በሩቁ ካየሁት በቀር ነክቼው አላውቅም። መስመሩ ግን ያምራልና ገለበጥኩት። ለፈተና ስጠራ አንዲት ጸሐፊ ወደ ትንሽ ክፍል አስገባችኝና አንድ ገጽ ደብዳቤ ሰጥታ “ይህን ተይበው ያትሙልን” ብላ ወጣች። ማብሪያውን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ማሳያው እንደ ጠቆረ ነው፣ እኔም እንደ ተቀመጥኩ ነኝ። “መብራት የለም እንዴ?” አለች። መብራትማ ነበር።

ዛሬ ስናገረው እስቃለሁ። የሚቆጨኝ ግን ሌላው ነገር ነው። የሥራ ማስታወቂያው ለሠራተኞች አጫጭር ሥልጠና የሚያዘጋጅ ሰው ይፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ክረምት የሰፈር ልጆችን ሰብስቤ፣ ፕሮግራም አውጥቼ፣ ፈተና አዘጋጅቼ ሒሳብ አስጠንቻለሁ። ያንን አልጻፍኩትም። “ይህ ምን ይጻፋል?” ብዬ ተውኩት። የማልችለውን ጽፌ የምችለውን ደበቅሁ ማለት ነው። ክላሴሩ ውስጥ ያገኘሁትም ይህንኑ ነው።

ሙያ በልብ ነው ብለን ያደግን

ችግሩ ከልጆቹ ስንፍና የመጣ አይመስለኝም። ሲቪ የሚባለው ወረቀት ከአስተዳደጋችን ጋር ይጋጫል። “ሙያ በልብ ነው” ተብለን ነው ያደግነው። ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው ጉረኛ ይባላል፤ ሰው ሲያመሰግነን “ኧረ ምንም አልሠራሁም” ማለት ጨዋነት ነው። አንድ ነገር ለብቻችን ሠርተን እንኳ ስንናገር “ሠራን፣ አዘጋጀን” እንላለን። ይህ በማኅበር ውስጥ ያምራል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ጠያቂው “እናንተ ሁላችሁ ሠራችሁ፤ አንተስ በግልህ ምን ሠራህ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም ይሽኮረመማል።

እንግዲህ በገዛ ቃሉ ስለ ራሱ መናገር የከበደው ልጅ የሰው ቃል ይዋሳል። “ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል” የሚለው ውሰት ስለሆነ አያሳፍርም። ማንንም ስለማይገልጽ መጻፉ ቀላል ነው። የሚያነበው ሰውም ማንንም አያይበትም።

“ሙያ” የሚለው ቃላችን ራሱ አንድ ጠባይ አለው። አንዲት እናት ዶሮ ወጥ አሳምራ ስትሠራ “ባለሙያ ናት” እንላለን፤ ያንኑ እናት “ሙያሽ ምንድን ነው?” ብሎ ቅጽ የሚያስሞላ ሰው ሲጠይቃት ግን “እኔማ ምን ሙያ አለኝ” ትላለች። በዚህ ከተማ በወላጅ ኮሚቴ የማውቃት አንዲት እናት ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ የሠራተኞች ተቆጣጣሪነት ልታመለክት መጥታ ይህንኑ ነገረችኝ። የአርባ ሰው እቁብ ጸሐፊ ናት። በየሳምንቱ ከያንዳንዱ 1,000 ሽልንግ ትሰበስባለች፤ 40,000 ሽልንግ ማለት ነው። ማን ከፈለ፣ ማን ዘገየ፣ ዕጣው ለማን ወጣ፣ ዋስ ማን ሆነ፣ ሁሉም በአንድ ደብተር ሰፍሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ጭቅጭቅ ሽማግሌ ፊት አልደረሰም። ይህ ገንዘብ መሰብሰብ፣ መዝገብ መያዝ፣ ሰው ማስተዳደርና አለመግባባት መፍታት ነው። እሷ ግን “ይህማ እቁብ ነው፣ መምህር” አለችኝ።

ችሎታ ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች በልጆቹ ሲቪ ላይ ተቀላቅለው ስላየሁ ልለያቸው። ዕውቀት የምናውቀው ነው፤ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተምሬአለሁ ማለት ዕውቀት ነው። ጠባይ የምንሆነው ነው፤ ታማኝ፣ ታታሪ፣ ትዕግሥተኛ። ችሎታ ወይም ክህሎት ግን የምናደርገው፣ ሰው ፊት ቆመን ልናሳየው የምንችለው ነው። ለዚህ የምጠቀምበት መለኪያ አንድ ጥያቄ ነው፤ “ነገ ጠዋት ቢሮ ገብተህ አሳየኝ ብባል አሳያለሁ ወይ?” መልሱ አዎን ከሆነ ይጻፍ። “ልሞክር” ከሆነ ደረጃው ተገልጾ ይጻፍ። “መብራት የለም” የሚያሰኝ ከሆነ ይውጣ።

ጠባይ በዚህ ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻላል። “ታማኝ ነኝ” ብሎ የጻፈ ሌባ ሞልቷል፤ ቃሉ ምንም አያስረዳም። ታማኝነትን የሚያስረዳው “የአጎቴን የኤምፔሳ ሱቅ ሁለት የእረፍት ወቅት ብቻዬን ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ የማታ ሒሳቡ ጎድሎ አያውቅም” የሚለው መስመር ነው። ኤምፔሳ ከ2007 ጀምሮ በዚህ አገር ያለ በመሆኑ ልጆቻችን እንደ ውሃ ስለለመዱት ሥራው ሥራ አይመስላቸውም። ሱቅ ውስጥ የቆመው ልጅ ግን ፍሎትና ጥሬ ገንዘብ ያመዛዝናል፣ መታወቂያ ያመሳክራል፣ መዝገብ ይጽፋል፣ ገንዘብ በስሕተት ለሌላ ሰው የላከ ደንበኛ እየጮኸ ሲመጣ ያረጋጋል። ጫና ተቋቁሞ መሥራት የሚባለው ይኸው ነው።

ስለዚህ ሲቪ ከመጻፋችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ አትቀመጡ። ደብተር ይዛችሁ ከቤተሰብ ጋር ተቀመጡና አንድ ሳምንት ሙሉ የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ። እናቱን ይዞ ሆስፒታል እየሄደ ሐኪሙ የሚለውን ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ የሚመልስ ልጅ አለን። ታናናሾቿን የቤት ሥራ የምታሠራ አለች። ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የሚያስጠና፣ ለመስጊድ ኮሚቴ ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ ለማኅበረሰቡ በዓል አዳራሽና ድምፅ ማጉያ የሚከራይ አለ። የተሰበረ የስልክ ማሳያ የሚቀይርም አለ፤ ይህን ያወቅሁት በክፍል ሰዓት ሲሠራ ስለያዝኩት ነው። መጀመሪያ ሁሉም ይጻፍ፤ ማጣራቱ በኋላ ይመጣል።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን መናገር አለብኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪያችን ሲቪዋን አምጥታ እንድመለከትላት ሰጠችኝ። አንዱ መስመር “ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ የእናቴን የእንጀራ ሽያጭ ሒሳብ እይዛለሁ” ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። “ይህ የቤት ጉዳይ ነው፤ ቢሮ አይገባም” አልኳትና በቦታው “ጥሩ የተግባቦትና የሒሳብ ክህሎት” የሚል ጻፍኩላት። አመሰገነችኝና ሄደች። ባመለከተችበት ቦታ አልተጠራችም። በእኔ ምክንያት ነው ልል አልችልም፤ ብዙ ሰው አመልክቶ ይሆናል። ከወራት በኋላ ግን ቢሮዬ መጥታ አንድ የጅምላ አከፋፋይ ዘንድ በሒሳብ ረዳትነት እንደ ተቀጠረች ነገረችኝ። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ምን እንደ ጠየቋት ብጠይቃት፣ ትንሽ አመነታችና “ጋሼ፣ እርስዎ የሰረዙትን መስመር መልሼ ጽፌው ነበር። የጠየቁኝ ስለሱ ብቻ ነው” አለችኝ። ስንት ደንበኛ አላችሁ? በዱቤ ለማን ትሰጣላችሁ? ያልከፈለን ምን ታደርጊያለሽ? የጤፍ ዋጋ ሲወጣ የእንጀራውን ዋጋ እንዴት ትወስናላችሁ? ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳወራች ነገረችኝ። ለነዚህ ጥያቄዎች መጽሐፍ አላስፈለጋትም፤ አምስት ዓመት ኖራበታለችና። ያ ቀይ እስክሪብቶ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ በዚህ ሥራ ላይ ግን አልጠቀምበትም።

መምረጥ

የተጻፈው ሁሉ ሲቪ ላይ አይገባም። ደብተሩ ላይ ሠላሳ ነገር ይኖር ይሆናል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስድስት ሰባት ይበቃል። የቱ ይግባ የሚለውን የሚወስነው አንባቢው ነው።

ለዚህ የቆየ ምሳሌ አለ። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን ሁላችሁም በሥዕሉ ታውቁታላችሁ። በ1482 አካባቢ፣ ዕድሜው ሠላሳ ገደማ ሳለ፣ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ሥራ ፈልጎ ደብዳቤ አዘጋጀ። ረቂቁ እስከ ዛሬ አለ። በዚያን ጊዜ ሚላኖ በጦርነት ስጋት ውስጥ የነበረች ከተማ ናት። ስለዚህ ሊዮናርዶ የጀመረው በቀላሉ ስለሚነሣና ስለሚተከል ድልድይ፣ ከተማ ሲከበብ ከጉድጓድ ውሃ ስለ ማውጣት፣ ስለ መድፍ፣ ስለ ተሸፈነ የጦር ሠረገላ ነው። ሥዕል መሣል እንደሚችል የጠቀሰው መጨረሻ አካባቢ ነው። ከችሎታው ሁሉ የሚበልጠውን ወደ ኋላ ያደረገው አንባቢው የሚጨነቀው ስለ ሥዕል እንዳልሆነ ስላወቀ ነው። (በጦር ምህንድስና ያን ጊዜ ይህ ነው የሚባል ልምድ አልነበረውም፤ በዚህ በኩል አትከተሉት። ሊዮናርዶ ካልሆናችሁ እንደኔ ጥቁር ማሳያ ፊት ትቀመጣላችሁ።)

የእኛው ምሳሌ ይኸውና። ኢስሊ ውስጥ ያለ አንድ ክሊኒክ የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። ማስታወቂያው “ታካሚዎችን የሚያስተናግድ፣ ካርድ የሚያወጣና መዝገብ የሚይዝ፣ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ የሚችል፣ ሌላ ቋንቋ ቢያውቅ ይመረጣል” ይላል። ማስታወቂያውን አትሙና ግሶቹን አስምሩባቸው፤ ማስተናገድ፣ ማውጣት፣ መያዝ። ከዚያ ደብተራችሁን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ለያንዳንዱ ግስ የሠራችሁትን ፈልጉ። ለእናቱ የሚያስተረጉመው ልጅ እዚህ ይገባል። ስልክ የሚጠግነው ለዚህ ቦታ ቢቀር ይሻላል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሲያመለክት ግን መጀመሪያ ይቀመጣል። አንድ ሲቪ ለሁሉም ቦታ አይሆንም ማለት ነው፤ ሳይበር ቤቱም የማይነግራችሁ ይህንን ነው።

ማስታወቂያው የተጠቀመበትን ቃል፣ እውነት ከሆነ፣ እናንተም ተጠቀሙበት። አንዳንድ ትልልቅ ድርጅቶች የሚመጣላቸውን ሲቪ መጀመሪያ በኮምፒውተር ስለሚያጣሩ የሚፈልጉት ቃል ከሌለ ወረቀቱ ሰው እጅ ላይደርስ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ሠንጠረዥና ጌጣጌጥ አታብዙ። በቅርቡ የመጣውን የኮከብ ነገርማ ተዉት፤ “ስዋሂሊ አራት ኮከብ፣ መሪነት አምስት ኮከብ” የሚለውን። ኮከቡን የሰጣችሁ ማን ነው?

ማቅረብ

አንድ የችሎታ መስመር ምን እንደ ሠራችሁ፣ ለማን ወይም የት፣ ምን ያህል ወይም ለምን ያህል ጊዜ እንደ ሆነ ቢናገር ይበቃዋል። ቁጥር ካለ ይግባ። ትልቅ ቁጥር መሆን የለበትም፤ እውነተኛ ይሁን እንጂ። “ጥሩ የተግባቦት ክህሎት” በሚለው ፋንታ “ለስዋሂሊ የማይችሉ ታካሚዎች በሆስፒታል ቀጠሮ ላይ ከስዋሂሊ ወደ አማርኛ አስተረጉማለሁ፤ ባለፈው ዓመት በወር ሁለት ጊዜ ያህል” ብላችሁ ጻፉ። “መሪነት” በማለት ፋንታ “ለትምህርት ቤቱ የባህል ቀን ዐሥራ ሁለት ተማሪዎችን መድቤ የመድረክ ዝግጅቱን መራሁ” በሉ። “ሒሳብ እችላለሁ” ከማለትም “ለ22 ቋሚ ደንበኞች የዱቤና የክፍያ መዝገብ በደብተር ይዣለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ወደ ኤክሴል አዛውሬዋለሁ” የሚለው ይሻላል።

እዚህ በአማርኛ አስቀመጥኳቸው እንጂ ሲቪው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህም አንድ ወጥመድ አለው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልጆቻችን በአማርኛ አስበው ሲተረጉሙ የሠሩትን ነገር ከመስመሩ ጭራ ላይ ይቀብሩታል። በእንግሊዝኛ ሲቪ መስመሩ የሚጀምረው በግሱ ነው፤ “አስተረጎምኩ” መጀመሪያ ይመጣል፣ ለማንና የት የሚለው ይከተላል። “እኔ” የሚለውን ቃል በያንዳንዱ መስመር መድገም አያስፈልግም፤ ወረቀቱ የእናንተ መሆኑ ይታወቃል። “እኛ”ን ግን ከናካቴው አውጡት።

ስለ ቋንቋ ለብቻ

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ ልጆቻችን ከማንም የሚበልጡበትና ከማንም በላይ የሚያበላሹት ይህ ነውና።

ክላሴሩ ውስጥ ካሉት አብዛኞቹ “ቋንቋ፦ እንግሊዝኛ፣ ስዋሂሊ” ብለው ዘግተዋል። በቤቱ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገር፣ ከጎረቤቱ ሶማልኛ የለመደ ልጅ ሁለት ቋንቋ ብቻ ጽፎ አየሁ። ለምን ብዬ ስጠይቀው “ያ የቤት ቋንቋ ነው፣ ጋሼ” አለኝ። የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን ደግሞ የሥራ ቋንቋ ስላደረገ እነዚያን ሁለቱን ከጎናችሁ የሚሰለፈው አመልካች ሁሉ ይጽፋቸዋል። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ለክሊኒክ፣ ለአየር መንገድ ትኬት ቢሮ፣ ለስደተኞች አገልግሎት፣ ለጉምሩክ አስተላላፊ፣ ለነጋዴ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደረጃ ነው። “አቀላጥፌ እናገራለሁ” ሁሉም ይላል። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያሳተመው መለኪያ ቋንቋን ከኤ1 እስከ ሲ2 በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ያውቁታል። ደረጃውን ባትጠቀሙበት እንኳ መናገርን፣ ማንበብንና መጻፍን ለዩ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ ከልጆቻችን ብዙዎቹ አማርኛ እንደ ጅረት ይናገራሉ፣ አንድ ገጽ አንብቡ ሲባሉ ግን ፊደል ይቆጥራሉ። ስዋሂሊውም እንደዚሁ ነው። መንገድ ላይ የለመዳችሁት ሼንግ ለጓደኛ ይበቃል፤ የቢሮ ደብዳቤ ግን አይጻፍበትም። “አማርኛ፦ መናገር በሚገባ፣ ማንበብና መጻፍ በመጠኑ” ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ተቀጥራችሁ አንድ የአማርኛ ማስታወቂያ ጻፉ ስትባሉ ነው። በነገራችን ላይ የቅዳሜ የአማርኛ ክፍል ውስጥ ባዶ ወንበር አለ።

በአማርኛ መተየብ ደግሞ ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ ማንም ሲጽፈው አላየሁም። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ በማንኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ይሠራል። ቀድሞ በተለያዩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ግን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ያንን የሚያስተካክል፣ ግዕዝ ፊደል ጭኖ በፍጥነት የሚተይብ ልጅ ለኛ ማኅበረሰብ ድርጅቶች ሁሉ ተፈላጊ ነው። የዚህን መጽሔት ጽሑፎች የተየቡት ተማሪዎች ይህንን ካልጻፉ እቀየማቸዋለሁ።

ስምና ዓመተ ምሕረት

ይህ ችሎታ አይደለም፤ ግን ችሎታችሁን ሳይነበብ ስለሚያስቀር በአጭሩ ልናገር። በመጀመሪያ የቀን አቆጣጠር። የኛ ዓመተ ምሕረት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ወላጆች ከአገር ቤት ያመጣችሁት ማስረጃ ላይ ሰኔ 2008 ካለ ሲቪው ላይ ሰኔ 2016 ተብሎ መጻፍ አለበት። አንድ አባት እንዳለ ገልብጠው ጽፈው፣ ቀጣሪው “ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሥራ ፈተው የት ነበሩ?” ብሎ ጠይቋቸዋል። አባትየው አንድ ቀን ሥራ ፈትተው አያውቁም።

ሁለተኛው ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በፓስፖርቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በሲቪው ላይ ስሙ በአንድ ቅደም ተከተልና በአንድ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይሁን። በአንዱ ሁለት ፊደል በሌላው አንድ ፊደል ስለሆነ ብቻ ሁለት ሰው የሆነ ተማሪ አጋጥሞኛል። የመታወቂያና የፓስፖርት ቁጥር ግን ሲቪ ላይ አያስፈልግም። ሲቀጠሩ ይጠየቃል፤ ወረቀቱ የት እንደሚጣል አታውቁም።

ሰው ደውሎ ሲጠይቀኝ

በዚህ አገር ልማድ ሲቪው መጨረሻ ላይ ሬፈሪ የሚባሉ፣ ስለ አመልካቹ የሚጠየቁ ሰዎች ስም ይጻፋል። ብዙ ተማሪዎች የእኔን ስም ይጽፋሉ፤ አልቃወምም፣ ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ግን ደስ ይለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀጣሪ ደውሎ ስለ አንድ ልጃችን ጠየቀኝ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሳይንስ ክፍል ውስጥ ካሉን መሣሪያዎች የተበላሹትን ግማሾቹን የጠገነው እሱ ነው። ይህን ሁሉ ልነግረው ተዘጋጅቼ ሳለ ሰውየው “የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆኖ በሠራበት ዓመት እንዴት ነበር?” አለኝ። በዚያ ዓመት ምክር ቤት አልነበረንም።

ዝም አልኩ። ስልክ ላይ ዝምታ ይሰማል። አዎን ብል ነገ የዚህ ትምህርት ቤት ማኅተም ለቀጣዮቹ ልጆች ዋጋ አይኖረውም፤ አይደለም ብል ደግሞ ልጁን በገዛ እጄ ጣልኩት። “በዚያ ዓመት ምክር ቤት አልነበረንም” አልኩና ስለ ሳይንስ ክፍሉ ልነግረው ቀጠልኩ። ሰውየው በትሕትና አመሰገነኝና ዘጋው። ልጁ ሥራውን አላገኘም። ሲቪውን በኋላ አስመጥቼ ሳየው ስለ ጥገናው አንድም ቃል የለበትም።

ከልጁ ጋር ተቀምጠን እንደ ገና ጻፍነው። የሠራቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ቆጥረን፣ ምን ተበላሽቶ እንደ ነበርና በምን እንደ ጠገነው አሰፈርን። ስድስት መስመር ወጣው። “ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ስለሆነ አያስፈራም” አለኝ።

ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ቅዳሜ ከአማርኛው ክፍል በኋላ ለአንድ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነው። የታተመ ሲቪ ይዛችሁ አትምጡ፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። መጀመሪያ የምንሠራው ዝርዝሩን ነው፤ ከዚያ አንድ እውነተኛ ማስታወቂያ እናነባለን። መምህራን እየተፈራረቁ ያግዟችኋል። ወላጆችም ለራሳችሁ የምትጽፉ ካላችሁ ኑ። እናቶች የእቁቡን ደብተር ይዛችሁ ብትመጡ ከዚያው እንጀምራለን።